የውሰት ጣት

«ኬኩን ማን ነው የሰጠህ?» አለች ልጃቸው በስልክ፣ ደህና አደርክ እንኳ ሳትል።

ልብስ ሰፊው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው አዩት፤ ዓይን አውጥቶ የሚያያቸው መስሏቸው። «የምን ኬክ?»

«አባዬ፣ አትዋሸኝ። ትናንት የጎረቤት ልጅ ምርቃት ሄደህ አልነበር? ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት! ስልኬ ቀልቶ እየጮኸብኝ ነው። ሰው እንዴት በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ ይፈርዳል?»

«ኬክ ባፌ አልዞረም።»

«ታዲያ አየር በልተህ ነው ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት የገባኸው?»

እውነታቸውን ነበር። ኬኩን ተቀብለዋል፣ በናፕኪን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተዋል፣ ቤት አምጥተው ለባለቤታቸው ሰጥተዋል። ባለቤታቸውም «ክሬሙ ኮትህን አበላሸው፣ አንተ ሰውዬ» እያሉ፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ ናፕኪኑን ሳይቀር ልሰውታል። ሽማግሌው ባልበሉት መከሰሳቸው አንገበገባቸው፤ ግን ምን ብለው ይከራከሩ? ባለቤታቸው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ቁራጭ ጥጥ ይዞ ደም የሚያቆመው ጣት የልብስ ሰፊው አልነበረም፤ የባለቤታቸው ነበር።

«ረፋድ ላይ አስፈቅጄ እመጣለሁ» አለች ልጅ። «ክሊኒክ ነው የምንሄደው። እማዬም ትምጣ። ምን እንደምታበላህ ቀርባ ታስረዳ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «ሚሊሜትር» ይላቸዋል። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው «ሁለት ጣት ያህል ቀንሱልኝ» ሲላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «የማን ሁለት ጣት?» ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ዳሌ ሲለኩ ኖረው፣ እጅጌ አጠረብኝ ብሎ የተመለሰባቸው ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እጁ ያደገ ወጠምሻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እዚህ ጉድ ውስጥ ገባ ቢባል፣ ነገሩ የጀመረው ከዛሬ ስምንት ወር በፊት፣ ልጃቸው ስኳር ላለባቸው አባቷ የደም ስኳር መለኪያውን ይዛ የመጣች ዕለት ነው። መለኪያው ከሳሙና አይበልጥም። ጠብታ ደም ስትሪፕ የሚባለው ቁራጭ ወረቀት ላይ ስታስነካለት ቁጥሩን ለሽማግሌው ስልክ ይነግራል፣ የሽማግሌው ስልክ ለልጅ ስልክ ይነግራል፣ የልጅ ስልክ ደግሞ ለክሊኒኩ። «በወሬ አቀባበል የኛን ሰፈር ያስንቃል» ብለው ነበር ባለቤታቸው። አንድ ካርቶን ስትሪፕ የሦስት ሱሪ ማሰፊያ ያወጣል፤ ልጅቷ ግን ከደመወዟ እየቆረጠች ታመጣዋለች፣ ዋጋውንም አትናገርም፤ እሳቸው ናቸው ማሸጊያው ላይ አንብበው በሱሪ የመነዘሩት።

በመጀመሪያው ማለዳ ሚሊሜትር ጣታቸውን ወጉ፤ ደም የለም። ሌላውን ወጉ፤ የለም። ቲምብል የሚሉት የብረት ቆብ ጣትን ያሳውራል ብለው አርባ አንድ ዓመት ያለ ቲምብል የሰፉበት እጅ ነው፤ የጣታቸው ጫፍ የጫማ ሶል ሆኗል። ላባቸውና እልሃቸው ተደባልቆ ሦስት ስትሪፕ ተበላሸ። ልጅ ደወለች፤ «አባዬ፣ እየጠበቅኩ ነው እኮ፤ አውቶቡስ ልሳፈር ነው።» ይሄኔ ባለቤታቸው እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው «ወዲህ በለው» አሉ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል።» ጣታቸውንም ዘረጉ። ዘጠና አራት። የልጅ ስልክ አረንጓዴ ሆነ። የሚያጨበጭቡ ሁለት እጆች ላከችና «ጎበዝ አባዬ!» አለች። ሚሊሜትርን ሰው ጎበዝ ካላቸው ዘመን አልፏል። አንድ ሰው ጥሩ ሲሰፋ «እጅዎ ይባረክ» ይሉታል እንጂ ጎበዝ አይሉትም፤ ጎበዝ የልጅ ነው። ያን ዕለት ከሽማግሌው ፊት የልጅ ፈገግታ ሳይጠፋ ዋለ።

ነገ በራሴ እወጋለሁ አሉ። የነገው ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ። ሻይ ይፈላል፣ ጣት ይዘረጋል፣ ልጅ ጎበዝ ትላለች፤ የቤቱ ወግ ይኸው ሆነ። ቀድሞ በየሁለት ወሩ ክሊኒክ ሄደው ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሰውዬ፣ «ቁጥርዎ ሸጋ ነው፤ ካሉበት ሆነው እያየንዎት ስለሆነ መምጣት አያስፈልግዎትም» ተባሉ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ቁጥሩ ዳገት ጀመረ። መቶ ሃያ፣ መቶ አርባ፣ መቶ ሰማንያ። እዚህ ላይ ነው ለሰው ቢያወሩት የማይታመነው ነገር የመጣው። ጣቱ የሚስት ቢሆንም ቁጥሩ የባል ነበር። ምስጋናው ለእሳቸው ይመጣል፣ ቁጣው ለእሳቸው ይመጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲወጣ ሚሊሜትር ዳቦ ቀነሱ። እምቢ ሲል እራታቸውን ወደ ሾርባ አወረዱ። ልጅ ለክሊኒኩ ነገረች፣ ክሊኒኩ በስልክ «አንዱን ኪኒን ሁለት ያድርጉት» አለ፤ ሁለት አደረጉት። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ ባለቤታቸው፣ የባላቸውን መልካም ስም በጣታቸው እያበላሹ መሆናቸው አሳፍሯቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ ሻያቸውን ያለ ስኳር መጠጣት ጀምረዋል፤ ጣታቸውን ከመስጠታቸው በፊትም ሦስት ጊዜ በሳሙና ይታጠባሉ። ባልና ሚስት ለአንድ ቁጥር ሲሉ እንዲህ ሲደክሙ፣ «የማን ሁለት ጣት?» ብለው ሰው የሚያፋጥጡት ሚሊሜትር፣ ደሙ የማን ነው ብለው አንድ ቀን አልጠየቁም።

«ኬኩ ነው» አሉ ባለቤታቸው ጥጡን እየጣሉ። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ማን ብዪ አለኝ!» ተነሥተው ውሃ ቀዱ፤ ጠጡ። ደገሙ። ሚሊሜትር ሳያስቡት ቆጠሩ፤ ከእንቅልፍ ከተነሡ አራተኛ ብርጭቆ መሆኑ ነው። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓቱ በታች፣ የስኳር ሕመም ምልክቶችን የሚዘረዝር አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ስንት ዓመት እሱ ፊት ተቀምጠው ወረፋ ስለጠበቁ እንደ ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል፤ የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የዓይን ብዥታ። የክሊኒኩ ነርስም አንድ ጊዜ ብላለች፤ ጤነኛ ሰው ኬክ ቢበላ ስኳሩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ልኩ ይመለሳል። ኬኩ የተበላው ትናንት ከሰዓት ነው። የመርፌው ነገር መጣባቸው። መርፌ ክር የምታገባላቸው ሚስታቸው ናት፤ ሲጋቡ ጀምሮ። ባለፈው ወር ክሩን በቀዳዳው ግራና ቀኝ ስታመላልሰው ሳቁባት፤ «መርፌዋ ሸሸችሽ፤ ምን አደረግሻት?» ብለው።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰሞኑን እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ እርጅና ነው ብለው ትተውት ነበር። መጀመሪያ ስልካቸውን አጠፉ፣ ወሬ እንዳያቀብል። ከዚያ እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ነከሩና መውጊያውን ትንሿ ጣታቸው ጎን ላይ ደገኑት። ትንሿ ጣት ስፌት አትሠራም፤ አርባ አንድ ዓመት እንደ ቅምጥል ልጅ ቁጭ ብላ ነው የኖረች። ደሙ ወዲያው ዱብ አለ። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ነበር። ሃምሳ ስምንት፤ ከልክ በታች።

«ስንት አለህ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ደህና ነው» ብለው ሚሊሜትር የስኳር ዕቃውን ሳቡ፤ ሙሉ ማንኪያ ዘግነው አፋቸው ከተቱ።

«አብደሃል? አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ልትገድልህ መንገድ ላይ ናት እኮ!»

«ዛሬ ለኔ መድኃኒት ነው» አሉ፣ ስኳሩ በጥርሳቸው እየተንኮሻኮሸ። ባለቤታቸውም አልጠየቁም። ሰላሳ ስድስት ዓመት አብረው ለኖሩ ሰዎች ዝምታም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሲያልፉ እግራቸው አይመታውም።

ባለቤታቸው ለክሊኒኩ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ለብሰውም መስታወቱ ፊት ቆሙና ወገባቸው ላይ ጨርቁን በጭብጣቸው ሰብስበው «ደግሞ ሰፋኝ» አሉ። የስፌቱ ክፍልና የመኝታው ክፍል አንድ ነው፤ መኪናው አልጋው እግርጌ ነው፣ የተቆረጠ ጨርቅ ከትራስ አጠገብ ይገኛል። ሚሊሜትር ከአንገታቸው ሜትሩን አውርደው ጠጋ አሉ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው የልክ ደብተራቸውን አወጡ። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ፤ የሞቱት ሳይቀሩ፣ ከነትከሻቸውና ከነዳሌያቸው። የሚስታቸው ገጽ የመጀመሪያው ነው። ወገብ ዘጠና አንድ፤ ይህ ለዓመታት አልተነካም። ከሦስት ወር በፊት ሰማንያ ስድስት። ያኔ ቀሚሱን ሲያጠብቡ «ሙሽራ ሆንሽ እኮ፤ ደግሞ ልዳርሽ?» ብለው ነበር፤ ትዝ አላቸው። ባለፈው ወር ሰማንያ። ያኔም ቀለዱ። አሁን ሜትሩን አዞሩና ቁጥሩን አዩ፤ አላመኑም፤ ፈቱና እንደገና አዞሩ። ሰባ ሦስት። ከአልጋው እግርጌ እስከ መስታወቱ ሦስት እርምጃ ነው። በዚህ ሦስት እርምጃ ውስጥ ሴትዮዋ አሥራ ስምንት ሴንቲ ጠፍታለች፤ እጃቸው ላይ።

«ስንት ሆንኩ?»

«ያው ነሽ» አሉ። ወገቧ ላይ ጨርቁን አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ያዙላት፤ ቆዳዋን እንዳይነካ ጣታቸውን ከሥር አድርገው። ደብተሩንም ወደ መሳቢያው አልመለሱም፤ ኬኩ የነበረበት ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ልጃቸው ታክሲ ይዛ መጣች። ከፊት ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ መንገዱን ሙሉ እናቷን መረመረች። ሾርባው ውስጥ ምን ይገባል? ዳቦውን ማን ነው የሚቆርጥ? እናትየዋ እንደ ተከሳሽ እጃቸውን ቦርሳቸው ላይ አጣምረው «ቀንሼለታለሁ፣ ልጄ፤ እግዜር ያሳይሽ፣ እያስራብኩት ነው» ይላሉ። ልጅ ቁጥሮቹ በመስመር የተሳሉበትን ስልኳን ዘረጋች። «ይኸው እያት፣ እማዬ። ይህ ሜዳው ያኔ ጎበዝ የነበረ ጊዜ ነው። ይህ ዳገቱ ደግሞ የዚህ የሁለት ወር የአባዬ ሥራ ነው።» እናትየዋ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። «ዳገቱማ ይታየኛል» አሉ። እንዳልታያቸው ሚሊሜትር አወቁ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ውጪ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የሱቅ ስም ቀለም ይቀባ ነበር።

በክሊኒኩ ያ ሥዕል ከሰዓቱ በታች እንደ ተሰቀለ ነው። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ተነሥተው መጸዳጃ ቤት ደርሰው መጡ። ስማቸው ሲጠራ ሦስቱም ገቡ። ነርሷ ገና ወጣት ናት፤ ኮምፒውተሯ ላይ ዳገቱን አይታ «ምነው፣ አባባ? ምን አጠፋን?» ብላ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። ሚሊሜትር ትንሿን ጣታቸውን ሰጧት። ሰማንያ ስድስት። ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ሌላ ስትሪፕ አውጥታ ደገመች። ሰማንያ አምስት። «እንዲህማ አይሆንም» አለች። «ጠዋት ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት የነበረ ሰው... የቤቱ መለኪያ ነው የተበላሸው።»

ልጅቷ መጀመሪያ ተነፈሰች፣ ቀጥላ ነደደች። «ይኸው! ሁለት ወር ሙሉ አባቴን በሐሰት! ዛሬውኑ የሸጠልኝ ሰው ጋ እወስደዋለሁ። አፌን ቁርጥ ያርገው፣ አባዬ፤ ያላልኩህ ነገር የለም።» ጎንበስ ብላም ግንባራቸውን ሳመች።

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተላቸው። አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም ነበር። ኪኒኑ ወደ አንድ ይመለሳል፣ ዳቦው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፣ ጥፋቱን አፍ የሌለው ዕቃ ይሸከመዋል፤ ጎበዝ አባዬም ጎበዝ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሚሊሜትር ቀና ሲሉ ባለቤታቸው ያዩአቸዋል። በጣም በትንሹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተው፣ ዝም በል እንደ ማለት። አልፈውም «አዎ፣ መለኪያው ነው፤ እኔም ጠርጥሬው ነበር» አሉ ለነርሷ፣ በደረቀ ከንፈራቸው።

«መለኪያውን አትውቀሱት» አሉ ልብስ ሰፊው። «ልኩን ነው የለካው።»

«እንዴት ሆኖ ነው ልኩን?» አለች ልጅ።

«ጣቱ የናትሽ ነው።»

ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን አየች። «የየትኛው ቀን?»

«የሁሉም።»

ልጅቷ የምትጮህ መስሏቸው ሚሊሜትር አንገታቸውን ቀበሩ። አልጮኸችም። ስልኳን ከፈተችና ወደ ኋላ ገፋች፤ ከቀዩ ወደ ቢጫው፣ ከቢጫው ወደ አረንጓዴው፣ እስከ መጀመሪያው ዘጠና አራት። ከዚያ በቀስታ ወደ ፊት መጣች። ከየቀዩ ቁጥር ሥር የራሷ ቃል አለ፤ «እንዴት አታፍርም?»፣ «ለማን ብለህ ነው የምትኖረው?»፣ «ዛሬ አላነጋግርህም።» በየማለዳው፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ፣ የእናቷን መታመም ቀን በቀን አይታ፣ አባቷን ተቆጥታ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።

ነርሷ የእናትየዋን እጅ ሳበች። የጣቶቻቸው ጫፍ ላይ፣ ከአመልካች ጣት እስከ ቀለበት ጣት፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ስፌቱ የተፈታ ጨርቅ ይመስላሉ። ወግታ ለካች፤ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ። ወጥታ ሐኪሙን ይዛ ተመለሰች። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ የእናትየዋን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ፣ ሆዳቸውን ደባበሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን አቆየ፣ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ክብደትዎ ስንት ነበር?» አለ። እናትየዋ ልጃቸውን አዩ። ልጅ መሬቱን አየች። የአባቷን ቁጥር በሙሉ በቃሏ የምትወጣው ልጅ፣ የእናቷን አንድም አታውቅም።

ሚሊሜትር ከኪሳቸው ደብተሩን አወጡ። ገጹን ሲከፍቱት የደረቀ ክሬም ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በጥፍራቸው ፋቁት። «ክብደቷን እንኳ አላውቅ» አሉ። «ወገቧን ግን...» አነበቡ። ዘጠና አንድ። ሰማንያ ስድስት፤ ከነቀኑ። ሰማንያ፤ ከነቀኑ። የዛሬውን አልጻፉትም ነበር፤ «ሰባ ሦስት» አሉ፣ ባዶውን መስመር በጣታቸው ይዘው። ሐኪሙ አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ጻፋቸው፤ ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት የተከበረው ያን ዕለት ይመስለኛል። ሲጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ዛሬ ይተኛሉ» አለ። «ስኳሩን እናወርደዋለን፤ እሱ አያስጨንቀኝም። ግን በዚህ ዕድሜ፣ ስኳር እንዲህ በድንገት መጥቶ ሰው እንዲህ በአጭር ጊዜ ሲከሳ፣ ስኳር ብቻ ላይሆን ይችላል። ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ ማየት አለብኝ። ዛሬ።» ከዚያ ወደ ሚሊሜትር ዞሮ፣ ቁጣም ሐዘኔታም በሌለው ድምፅ፣ «ሁለት ወር ቀደም ብለን ብናያቸው ጥሩ ነበር» አለና ወጣ።

ሽማግሌው የሚቀመጡበት ወንበር አጠገባቸው እያለ ቆመው ቀሩ። ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ ያችን ነጥብ በነጥብ የሆነች እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አድርጋታለች። እናትየዋ በሌላው እጃቸው የልጃቸውን ፀጉር ያስተካክላሉ። «ተነሺ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» ይሏታል። «አባትሽን ውሃ ስጪው፤ ቁርሱን አልበላም። አስርቤዋለሁ።» ወገባቸው ላይ የመርፌ ቁልፉ ተከፍቶ ቀሚሱ ተዘርግፏል። ሚሊሜትር ጎንበስ ብለው ሊመልሱት ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ ባለቤታቸው ራሳቸው ቀበል አድርገው፣ ሳያዩ፣ በዳበሳ ቆለፉት።

ነርሷ አዲስ ካርድ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የእናትየዋን ስም ጻፈች፣ ዕድሜ ጻፈች፣ ተጠሪ በሚለው ላይ ልጅቷን ጻፈች። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ስኳርዎ ከፍ ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው፣ እናቴ? ቀኑን በግምትም ቢሆን ይንገሩኝ።»

«እሱን እንኳ ልጄን ጠይቂያት» አሉ። «ስልኳ ውስጥ ነው የከረምኩት።»